ዘጠና ሜትር አሮጌ ቧንቧ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ኤክስካቫተሩ ዛሬም አልመጣም። ሾፌሩ ከአረፋ አልተመለሰም አሉኝ። በዓሉ ካለፈ ሦስት ቀን ሆነው! እኔም አረፋን አክብሬያለሁ፤ ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጭቃ ውስጥ ቆሜያለሁ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት በሰው ላይ መጮህ ስለሰለቸኝ ነው። እዚህ ብጮህ የሚቀየመኝ የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። የአሰላ የሙቅ ውሃ መስመር ከቦይለር ቤቱ ተነስቶ የአረጋውያን መኖሪያውንና የሕዝብ ሻወር ቤቱን ብቻ ነው የሚያዳርሰው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ አላለፈም። አሁን ከሻወር ቤቱ ቀጥለን ስምንት መቶ ሃያ ሜትር አዲስ ቧንቧ እንቀብርና እስከ ጤና ጣቢያው ማዋለጃ እናደርሰዋለን። የማስፋፊያው ኃላፊ እኔ ነኝ።

እህቴ ጁወይሪያ እዚያው ማዋለጃ ውስጥ አዋላጅ ናት። ማታ እቤት ስትገባ ጣቶቿ አይታጠፉም። «ዛሬ ከዲክሲስ የመጣች ወላድ በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ስናጥባት ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር» አለችኝ። «መቼ ነው የምትጨርሱት?» እኔን እንደምትከስ ነው የምትጠይቀኝ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ትናንት የቆፈርነው ዛሬ ኩሬ ነው። የጭላሎ ተራራ ከነጭራሹ ጠፍቷል፣ ደመና ብቻ። ውሃ መሳቢያ ፓምፕ አንድ። የሚሠራ ፓምፕ ዜሮ። ስድስት ሰው በባልዲ ሲቀዳ ዋለ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ሙንተሲር አስጠሩኝ። ምረቃው ሐምሌ 16 ይሆናል፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ አለቀ። «ቀኑን ማን ቆረጠው?» ብዬ ስጠይቅ ሳቁብኝ።

በዕቅዱ መሠረት አዲሱን ከመቀጠላችን በፊት በሻወር ቤቱ ሥር የሚያልፈውን ዘጠና ሜትር አሮጌ ቧንቧ አውጥተን መለወጥ ነበረብን። ለዚያ መስመሩ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ሦስት ሳምንት ደግሞ የለንም።

«ከአሮጌው ጋር ቀጥዪውና ግፊቱን ከፍ አድርጊው» አሉ አቶ ሙንተሲር። «ቧንቧው እኮ ብረት ነው፣ ወረቀት አይደለም።»

የድሮውን ዲዛይን አውጥቼ ሠራሁት። በቧንቧው የመጀመሪያ ውፍረት ከሄድን ግፊቱን ከሦስት ባር ወደ አምስት ማድረስ ይቻላል። ይቻላል። ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ዘጠና ሜትሩ በሚቀጥለው ዓመት ይለወጣል ተባብለን ተስማማን።

የአሁኑን ውፍረት ለመለካት መቆፈር ያስፈልግ ነበር። በምን ጊዜ?

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ የተናደድኩትን ያህል ዘንድሮ ተናድጄ አላውቅም።

የቦይለር ቤቱ ኦፕሬተር ወልደአማኑኤል ይባላል። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ቀርቶታል። ኮሌጅ እያለሁ ለልምምድ መጥቼ እሱ ጋ ሁለት ወር ሠርቻለሁ። ያ ማለት ግን እስከ ዛሬ ተማሪው ነኝ ማለት አይደለም! በአሥራ ሁለት ሠራተኛ ፊት ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሞ፦

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር ተዪው። ሻወር ቤቱ ሥር ያለው መገጣጠሚያ አምስት ባር አይችልም።»

«አስልቼዋለሁ» አልኩት።

«ምን አስልተሽ? እኔ በዚህ እጄ ሁለት ጊዜ በይጄዋለሁ። ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ሳስቷል። ሦስት ባርም የሚሸከመው በፈጣሪ ነው።»

የቀን ሠራተኞቹ ቁፋሮውን አቁመው እኔን ማየት ጀመሩ። አንዱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለና ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ኦሮምኛ የማልሰማ መሰለው እንዴ?

«ጋሼ ወልደአማኑኤል» አልኩት፣ «እርስዎ የተቀጠሩት እሳት ለማንደድ ነው። እሳትዎን ያንድዱ። ዲዛይኑን ለኛ ይተዉልን። ደግሞ ስሜ አንቺ ልጅ አይደለም።»

ሳቁ ቆመ። እሱም ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ።

ትክክል ነበርኩ። ሥራ ቦታ ላይ አንዴ ከተናቅሽ አበቃልሽ። ወንድ መሐንዲስ ቢሆን እንዲያ ይለው ነበር?

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ቦይለር ቤት ገባሁ። «እንደምን አደሩ ኢንጂነር» አለኝ ከወንበሩ ተነስቶ። አደሩ! አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው። ያሾፈብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም። «የሚያዙኝ ነገር አለ?» አለ።

እሺ፣ ይሁን። እንዲያውም ይሻላል።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ዝናብ። የብየዳው ጄኔሬተር ተበላሸ። ከሊፋ፣ ፎርማኔ፣ ከቦዩ ውስጥ «ኢንጂነር! ኢንጂነር!» እያለ ሲጮህ ሽማግሌው የቦይለር ቤቱን መዝገብ ይዞ መጣ። የሳምንቱን እንድፈርም ነው። የመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፌ ሁሉንም ገጽ ፈረምኩለት። «ያንብቡት» አለኝ። ያንብቡት! በዚህ ዝናብ!

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

አምስት መቶ አርባ ሜትር ተቀብሯል። የከሊፋ ብየዳ ውብ ነው፣ እጁን ይባርከው። ጁወይሪያ ከሥራ ስትመለስ በቦዩ በኩል አልፋ አይታው ኖሮ ማታ ሻይ ራሷ አፈላችልኝ። ዛሬ በማንም አልተናደድኩም ልል ነበር። ግን የሙቀት ሽፋኑን ያመጣው መኪና ግማሹን ጭነት ዝናብ ላይ አራግፎት ሄዷል።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ከሊፋ ከሠራተኞቹ ጋር ምሳ ሲበላ ሰማሁት። «ሽማግሌው በየቀኑ ሻወር ቤት እየሄደ ማንሆሉን፣ የቫልቩን ጉድጓድ፣ ከፍቶ ያያል። እጁን ቧንቧው ላይ አድርጎ ይቆማል፣ ልክ የታመመ ሰው እንደሚዳስስ።»

ሰውየው በየሰፈሩ እየዞረ ሕዝቡን ሊያስፈራራብኝ ነው። ከሊፋን ጠርቼ «የማንሆሉን ቁልፍ ተቀበለው» አልኩት።

«ኢንጂነር፣ ለሱ ይሄ…»

«ተቀበለው አልኩህ።»

«እሺ» አለ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሙከራ። ሦስት ባር፣ ሰላም። አራት ባር፣ ሰላም። አቶ ሙንተሲር ስልክ ላይ። ፓምፑ ከፍ ተደረገ። አራት ተኩል። አምስት። ለአሥራ አንድ ደቂቃ የግፊት መለኪያው ጌጅ ቀጥ አለ። ከዚያ ወረደ።

ሻወር ቤት ሥር ፈነዳ።

አሁን ከጤና ጣቢያው ኮሪደር ነው የምጽፈው። ሌላ ሰው ክፉኛ አልተጎዳም። ሽማግሌው ብቻ። ሁለቱም እጁ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ከጠዋት ጀምሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ እዚያ ማን ሂድ አለው?

ሙከራው ሲጀመር ቦይለር ቤት ነበር። አራት ባር ላይ ስንደርስ «ኢንጂነር፣ ሻወር ቤት ደርሼ ልምጣ» አለኝ። «የትም አይሄዱም፣ ቦታዎ እዚህ ነው» አልኩት። ረዳቱም ሰምቷል። ዞር ብዬ ሳይ የለም። ትእዛዝ ጥሶ ሄደ። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም።

መገጣጠሚያው ሲለቅ ሰማንያ ዲግሪ ውሃ በወለሉ ስንጥቅ እየተተፋ ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባ። አራት ሴቶች እየታጠቡ ነበር። በሩ በእንፋሎት ተሸፍኗል፣ መውጫው አይታያቸውም፣ ጩኸታቸው ገበያ ድረስ ተሰማ አሉ። ቫልቩ ያለው ውጭ፣ ማንሆሉ ውስጥ ነው። ማንሆሉ ደግሞ በዚያው ውሃ እየሞላ ነበር። ሽማግሌው በሆዱ ተኝቶ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ከተተና ዘጋው። ዘጠኝ ዙር ነው የሚዞረው። ዘጠኝ ዙር!

ሴቶቹ ደህና ናቸው። አንዷ እግሯን ትንሽ ነካት።

ከሊፋን «ቁልፉን ተቀበለው ብዬህ አልነበረም?» አልኩት።

ጭቃ የለበሰ ጫማውን እያየ «አልተቀበልኩትም» አለ። «ወላሂ፣ እንደዛሬ በአለመታዘዜ ተደስቼ አላውቅም። ልታባርሪኝ ከፈለግሽ አባርሪኝ።»

አላባረርኩትም። በጣም ተናድጄበታለሁ፤ በምን እንደሆነ ግን አሁንም በደንብ መናገር አልችልም።

ሻወር ቤቱ ለሙከራው ቀን መዘጋት ነበረበት። የሚዘጋው ሰው ማን እንደነበር መጠየቅ አለበት።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ምረቃው ተሰረዘ። ሪፖርት ቀረበ። አቶ ሙንተሲር ናቸው ያስጻፉት። «ኦፕሬተሩ ያለፈቃድ የሥራ ቦታውን ለቆ፣ ግፊት ላይ ያለ ቫልቭ በመነካካቱ ጉዳት ደርሷል» ይላል። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ያለፈቃድ ሄዷል። ቫልቭ ነክቷል።

«የዲሲፕሊን ኮሚቴው በአሥር ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል» አሉ አቶ ሙንተሲር። «ሰውየው ለነገሩ ሊወጣ ነው። አንቺ ገና ብዙ የምትሠሪው አለሽ።»

ፈረምኩ። ስለ ግፊቱ አንድ መስመር ይጨመርበት ብዬ ነበር። በኋላ በአባሪ ይገባል ተባለ።

ማታ ከጁወይሪያ ጋር ራት ላይ ነበርን። የሽማግሌውን እጅ የምትጠርግለት እሷ ናት፤ ለዚያ ሥራ ሰው ስላነሳቸው ከማዋለጃው እየሄደች ታግዛለች። ሳህኗን አንስታ ወደ ክፍሏ ስትገባ እንዲህ አለች፦ «ሐኪሙ እንዴት ተቃጠሉ ብሎ ሲጠይቃቸው ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? አዳልጦኝ ነው አሉ።»

አዳልጦኝ! ለምን አይናገርም? ለምን ስሜን አይጠራም? እንደዚህ ዝም ከሚል ከነቤተሰቡ መጥቶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ኮሚቴው የቦይለር ቤቱን መዝገብ ጠይቋል። ከመላኬ በፊት ላየው ብዬ በምሳ ሰዓት ቢሮዬን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

ሰኔ 24። የሱ ጽሕፈት፣ ትልልቅ፣ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ፦ «ሻወር ቤት ሥር ያለው መገጣጠሚያ ሳስቷል። ሳይለወጥ ግፊት ከሦስት ባር በላይ ቢደረግ ይፈነዳል። ሰው ይጎዳል። ለኢንጂነር በቃል ተናግሬያለሁ፤ አሁን በጽሑፍ አሳውቃለሁ።»

ከሥሩ የኔ ፊርማ። በዝናብ ትንሽ ተበላሽቷል፤ ግን የኔ ነው፤ ከነቀኑ።

አነበብኩት። ቆሜ በመስኮት አየሁ። ተመልሼ አነበብኩት።

አንድ ገጽ ነው። መዝገቡ በክር የተሰፋ ነው፤ አንድ ገጽ ቢጎድል ማን ይቆጥራል? ይህን አሰብኩ። ማሰቤን እዚህ የምጽፈው አላሰብኩም እንዳልል ነው። ጣቴን ስፌቱ ላይ አድርጌም ነበር።

ከዚያ ከሊፋ በሩን አንኳኳና «ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው ምሳ ያልበላሽው?» አለ። መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ቤቱ ሄድኩ። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ። ብርቱካን!

በሩን ባለቤቱ እትዬ በቀለች ከፈቱልኝ። አወቁኝ። አልገባም አላልኩም፣ ግቢም አላሉኝም።

«ተኝቷል» አሉ።

«ልጠይቃቸው ነበር።»

«እጁን ልትጠይቂ ነው ወይስ ወረቀት ልታስፈርሚ? ባለፈው ከቢሮ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ፈርም አለው። በምኑ ይፈርም? አሳየሁት፤ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አሳየሁት። በአውራ ጣትህ አትም አለው።»

«እኔ አልላክሁትም እትዬ።»

«አንቺ አልላክሽው ይሆናል። ዐሥር ቀን ሆነኝ ሳጎርሰው። ዐሥር ቀን! አርባ ዓመት ስኖር ይሄ ሰው ውሃ እንኳ አምጪልኝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ሽንት ቤት ስወስደው ያለቅሳል። ከሕመሙ አይደለም፣ ከእፍረቱ ነው።» ድምፃቸው አልጨመረም። ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስለኛል። «ስንት ቀን ሌሊት ተነስቶ በዚያች ልጅ እጅ ሰው እንዳይሞት እያለ ሲንቆራጠጥ አድሯል። ያቺ ልጅ የሚለው አንቺን ነው። ላንቺ ነበር የሚፈራው፣ ለቧንቧው አይደለም።»

ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ማናት በቀለች?»

እትዬ በቀለች አዩኝ። እስክመልስ ጠበቁኝ። ብርቱካኑን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩ። «ሰው ተሳስቶ ነው» አሉና በሩን ዘጉት።

ብርቱካኑን ደጃፉ ላይ ልተወው ብዬ አፈርኩ። ይዤው ተመለስኩ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ለጁወይሪያ ነገርኳት። ሁሉንም። መሳቢያውንም፣ ስፌቱንም። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ሰኞ ምን ልትይ ነው?» አለችኝ ብቻ።

«ዝም ብል ጋሼ ጡረታቸውን ያጣሉ።»

«እሱን አውቃለሁ። ምን ልትይ ነው ያልኩሽ።»

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። አቶ ሙንተሲር ከጎን ተቀምጠዋል። ጋሼ ወልደአማኑኤል ከእትዬ በቀለች ጋር መጥተዋል፤ እጃቸው በነጭ ፋሻ፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተደርቦ። ሰብሳቢው ሪፖርቱን አነበበ። «የሚሉት አለ?» ብሎ ጋሼን ጠየቃቸው።

«የለኝም። ቦታዬን ለቅቄ ሄጃለሁ። እውነት ነው።»

ተነሳሁ። ጠረጴዛውን ደገፍኩ። ከመሳቢያዬ ያመጣሁትን መዝገብ ከፍቼ የሰኔ 24ን አነበብኩ። ከሥሩ ያለውን ፊርማ ለሰብሳቢው አሳየሁት።

«ይህ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ከዚያ በፊትም በቃላቸው ነግረውኝ በሠራተኛ ፊት ሰድቤያቸዋለሁ። ዘጠና ሜትሩ ሳይለወጥ እንዲቀጠል የተስማማሁት እኔ ነኝ። የሙከራው ቀን ሻወር ቤቱን ማስዘጋት የኔ ሥራ ነበር፤ አላስዘጋሁም። ፓምፑን ወደ አምስት ባር ከፍ ያደረግኩትም እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ። ጋሼ ባይሄዱ አራት ሴቶች ይሞቱ ነበር። እንዳይሄዱ የከለከልኳቸውም እኔ ነኝ።»

አቶ ሙንተሲር «ነቢላ፣ ደክሞሻል» አሉ።

«አዎ ደክሞኛል» አልኳቸው። «ከአሮጌው ጋር ቀጥዪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ቀኑን የቆረጡትም እርስዎ ነዎት። ያንን በጽሑፍ አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ የራሴን ብቻ ነው ማስረዳት የምችለው።»

ፊታቸው ቀላ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነበር የሚናገረው። ጋሼ ወልደአማኑኤል አንድ ጊዜም ቀና ብለው አላዩኝም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አልፈውኝ ሄዱ።

ለምን አላዩኝም ብዬ ልናደድ ሞከርኩ። ጉልበቱን አጣሁ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ውሳኔ። ጋሼ ነጻ ናቸው፤ ጡረታቸው አይነካም። እኔ ከኃላፊነት ተነስቻለሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ጎበሳ እዛወራለሁ፣ ተራ መሐንዲስ ሆኜ። አቶ ሙንተሲር ማስጠንቀቂያ እንኳ አልደረሳቸውም። በኮሪደር ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል! በፈገግታ! በበርጩማ የመምታት ስሜት ይመጣብኛል።

ጎበሳ እስክሄድ ድረስ ዘጠና ሜትሩን እንዳስለውጥ ፈቅደዋል። ሌላ የሚሠራው መሐንዲስ ስለሌለ ነው እንጂ ለኔ አስበው አይደለም።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

አሮጌው ቧንቧ ወጣ። ከሊፋ ቁራጩን በእጁ ይዞ መጣ። መገጣጠሚያው ጋ ያለው ብረት በጥፍር ይቦረቦራል። ለካሁት። በወረቀቴ ላይ ከጻፍኩት ሲሶው ብቻ ነው የቀረው። ለመለካት የፈጀብኝ ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን!

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ዝናብ። ብየዳ። ጭቃ። እስከ ጉልበቴ ነኝ። ስልሳ አራት ሜትር።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ዛሬ ከፈትነው። እንግዳ የለ፣ ሪባን የለ። ሻወር ቤቱን ከዋዜማው ራሴ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ አደርኩ።

ጋሼ ወልደአማኑኤል ቦይለር ቤት መጥተው ነበር። ማንም አልጠራቸውም። ፋሻው ወልቋል፤ የእጃቸው ቆዳ ያብለጨልጫል፣ ጣታቸው ግማሽ ድረስ ብቻ ይታጠፋል። የዋናውን ቫልቭ መዘውር ሊይዙ ሞከሩ። አልያዘላቸውም። እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና ለኔ ቦታ ለቀቁልኝ።

«ቀስ ብለው ይክፈቱ» አሉኝ። «ግማሽ ዙር። ይቁሙ። ቧንቧው ይሙቅ።»

ቆምኩ። ጌጁን ሳይሆን ቧንቧውን ነበር የሚሰሙት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው።

«ግማሽ ይጨምሩ። ይቁሙ።»

እንዲህ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። አምስት ባር ላይ ስንደርስ ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ሃያ። አርባ። ምንም። ስልኬ ጠራ፤ ጁወይሪያ ናት። «መጣ» አለች። «ነቢላ፣ መጣ። አሁን አንዲት ወላድ አለችኝ፣ ልዝጋው።» ዘጋችው።

«ማዋለጃው ደርሷል» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ረዳታቸው ወጥቶ ነበር፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ሐምሌን ሙሉ ሳዘጋጀው የከረምኩት ንግግር ነበረኝ። ሁሉንም ተውኩት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት፤ እኔም እንዳየው አልደበቁትም።

«አሁን አልችልም» አሉ። «ሞክሬያለሁ፤ በጾሙም ጸልዬበታለሁ። አልቻልኩም። ነገ መጥተው አይጠይቁኝ። ሰውም አይላኩብኝ። ስችል ራሴ አስደውላለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

ስልክ ቁጥሬ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ስመለስ በነሱ ሰፈር በኩል አለፍኩና ለእትዬ በቀለች በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ። ቁጥሩ እስኪጠራላቸው ጮክ ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።